የኳስ ወንበር

በመካነ ሰላም «ዋለ ከፍዝቅ የት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ቤቱን አያጣም። «ዋለ ቃለ ክርስቶስ» ብሎ የጠየቀ ግን ገበያውን ሲዞር ይውላል። ቅጽል ስሙን ያወጣው የገዛ እጁ ስለሆነ በማንም ሊያሳብብ አይችልም።

ዋለ እንጨት ጠራቢ ነው። የመጥረቢያ እጀታ፣ ሞፈርና ቀንበር ይሠራል፤ ዋናው ሙያው ግን መቋሚያ ነበር። አባቱ መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ የደብሩን ማኅሌት ይመራሉ። ካህናቱ ቆመው ሲያመሰግኑ የሚደገፉበትን ዘንግ ልጃቸው ቢሠራ ማን ይገርመዋል? እያንዳንዱን ካህን ግድግዳ አስጠግቶ ይለካል፣ በልኩ ይቆርጣል፣ ያስረክባል። እንዲህ አርፎ ቢኖር ምን ነበረበት! ግን አርፎ መቀመጥ ያልፈጠረበት ሰው ነውና አንድ ቀን «ለረዥምም ለአጭርም የሚሆን፣ ከፍ ዝቅ የሚል መቋሚያ ብሠራስ?» አለ። አንዱን ዘንግ ፈልፍሎ ሌላውን በውስጡ አስገባ፤ በጎኑ እንደ መጋዝ ጥርስ አውጥቶ በሽብልቅ ያዘው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የቸኮለው ዋለም ገና ያልደረቀ ወይራ ነበር የጠረበው።

መቋሚያውን ለኅዳር ሚካኤል ለደብሩ አስተዳዳሪ፣ ለአለቃ ወልደ ሚካኤል በስጦታ አበረከተ። የአለቃ ክብደት የሚናቅ አይደለም። ማኅሌቱ ሲሞቅ ደገፍ ቢሉበት መቋሚያው ቀጭ ብሎ አንድ ጥርስ ወረደ። እሳቸውም አብረው ወረዱ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ቀጭ። ጨዋ ናቸውና በቤተ መቅደስ አልጮሁም፤ ፊታቸውን ሳይለውጡ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ እያሉ በመጨረሻ ተንበረከኩ። ሕዝቡም «አለቃ ሰገዱ» ብሎ አብሮ ሰገደ። ስግደት የሌለበት ቦታ መሆኑን የሚያውቁት መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ ብቻቸውን እንደ ቆሙ ቀሩ፤ ሰው ሁሉ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሳለ እሳቸው ልጃቸውን በዓይናቸው ይፈልጉ ነበር።

ያን ዕለት ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ፣ ሰው እየሰማ፣ «ካንተ እጅ በወጣ እንጨት ዳግመኛ አልደገፍም» አሉት። «ያ ከፍ ዝቅ የሚለው ነገርህ ጸንቶ መቆሙን በዓይኔ ካላየሁ በቀር!» ልጃቸው የሠራላቸውን የቀድሞ መቋሚያም ለአንድ ደብተራ ሰጥተው ከኩታበር ሌላ አስመጡ። ሌሎቹ ካህናትም መሪጌታን ተከተሉ። ዋለ ሰው ሲስቅበት አብሮ መሳቅ ያውቅበታል። አባቱ የኩታበሩን መቋሚያ ይዘው በደጁ ሲያልፉ ግን ሳቁ ይሸሸዋል።

ዓመት አልፎ ታኅሣሥ ሲገባ የእህቱ ልጅ እድላዊት ደወለች። አዲስ አበባ፣ አንድ የጎልፍ መለማመጃ ሜዳ ተቀጥራ ለሚለማመዱት ሰዎች ኳስ ታድላለች። ሰዎቹ በሰልፍ ቆመው ኳሱን ወደ ሜዳው ይመታሉ፤ የተመታውን እሷና ጓደኞቿ ይለቅማሉ።

«የመታትን ኳስ የማይከተል ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለ ዋለ፤ በገና ጨዋታ እሩር፣ የእንጨቷን ኳስ፣ ሲያባርር ያደገ ሰው ነውና እውነቱን ነው።

«እሱን ተወውና ስማኝ፣ ጋሼ። ኳሷ የምትቀመጥባት የጎማ ቱቦ አለች። በየሳምንቱ ትቀደዳለች፤ ቁመቷም አይለወጥም። አንዱ ከፍ አድርጊልኝ ይላል፣ አንዱ ዝቅ አድርጊልኝ ይላል። ኃላፊያችን የሚስተካከል የሚሠራ ሰው ካላችሁ ናሙና አምጡ ብሎናል። እኔ አንተን አሰብኩ፤ ለገና ስመጣ እወስደዋለሁ።»

«ከፍ ዝቅ የሚል?» አለ ዋለ። ድምፁ ተለወጠ።

«አዎ፣ ከፍ ዝቅ የሚል።»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነበር። ኳሷ ምን ታክላለች? በምን ትመታለች? ከመሬት ምን ያህል ትርቃለች? ዋለ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲለካ የኖረ በመሆኑ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሰዎቹ ቁመታቸው እንዴት ነው?»

«ረዥምም አለ፣ አጭርም አለ። ግን ጋሼ፣ እሷ እኮ...»

ኔትወርኩ ተቋረጠ። ዋለም መልሶ አልደወለም፤ የሚፈልገውን ሁሉ የሰማ መስሎታል። ገና የሚጫወት ሰው ጎንበስ ብሎ የሚመታው ኳስ ማስቀመጫ ስላጣ እንጂ፣ መቀመጫማ እያለ ማን ወገቡን ያጎብጣል? አንድ ወር ስላለው አልቸኮለም። ከአያቱ ዘመን ጀምሮ ጣሪያ ሥር የተሰቀለ፣ ሲመቱት እንደ ደወል የሚጮህ ደረቅ ሞፈር ነበር፤ እሱን አወረደ። ጥርስና ሽብልቅ ከዳኝ ብሎ መኪና ጠጋኙ ሳዲቅ ጋ ሄዶ ከአሮጌ የጭነት መኪና የወለቀ፣ ክንድ የሚያህል ቡሎን ከነዳዶው ለመነ።

«ያረቢ!» አለ ሳዲቅ። «በሞፈር ላይ ቡሎን ገጥመህ ምን ልታርስ ነው?»

«ለኳስ መቀመጫ ነው።»

ሳዲቅ ቡሎኑን በነፃ ሰጠው። እንዲህ ያለውን መልስ ለገበያው ቀድሞ ማውራት ከቡሎን ዋጋ ይበልጥበታል።

ዋለ ሞፈሩን ቆርጦ ፈለፈለው፤ ዳዶውን በውስጡ ቀብሮ ቡሎኑን አቆመበት። ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ከፍ፣ ወደ ግራ ሲያዞሩት ዝቅ ይላል። ጥርስ ሲጫኑት ይሸሻል፤ የቡሎን ጥምዝ ግን በተጫኑት ቁጥር ይነክሳል። ይህን ያወቀ ዕለት ብቻውን ሳቀ። አናቱ ላይ ከዋንጫ ቀንድ የተቆረጠ ስኒ መሳይ ነገር ገጠመለት። ልኩንም ከሰው ወሰደ። የትምህርት ቤቱን ዘበኛ፣ ሻይ ሻጯን፣ ሳዲቅን ራሱን ግድግዳ እያስጠጋ እምብርታቸው ድረስ ለካ። ከሰዎቹ ሁሉ አጭሩም ረዥሙም በእምብርቱ ልክ እንዲመታ አድርጎ ጨረሰው።

ወሬው መሪጌታ ጋ ደረሰ። በደጁ ሲያልፉ ቆም ብለው ያን ነገር ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይሄ ነው የኳስ ወንበር?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«እኔ አርባ ዓመት ተምሬ የጉባኤ ወንበር አልተሰጠኝም፤ ኳስ በአንድ ወር ወንበር አገኘች» ብለው የኩታበሩን መቋሚያ ተከል ተከል እያደረጉ ሄዱ። ወደ ኋላ አላዩም።

እድላዊት የገና ዋዜማ ጠዋት ደረሰች። በሚኒባስ ስትንገላታ ያደረች ናት፤ አንድ እጇ ላይ ቀጭን የብረት ዱላ፣ ሌላው ላይ እንቁላል የሚያካክሉ ነጫጭ ኳሶች የሞሉበት ከረጢት ይዛለች። ወደ መሥሪያ ክፍሉ ስትገባ ከእምብርቷ ከፍ ያለ፣ በቅቤ ታሽቶ የሚያብረቀርቅ ነገር በመሀል ቆሞ ጠበቃት። አንድ ጊዜ ዞረችው። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ጋሼ! ይሄ ለኳስ ነው ወይስ ለጳጳስ?»

«ምን ጎደለው?» አለ ዋለ።

እድላዊት ኳሷን መሬት ላይ አድርጋ ጣቷን አስጠጋችና አሳየችው። ከአንድ ጣት እስከ አራት ጣት። ያ ነው ከፍታውም ዝቅታውም።

ዋለ ጎንበስ ብሎ ጣቷን አየ። ወር ሙሉ የለካው የከተማ ሰው፣ የተሳቀበት ሳቅ፣ የአባቱ ንግግር ባንድ ላይ መጡበት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ለበዓሉ ደግሞ መጥረቢያ አይነሳም፤ እድላዊት በበዓሉ ማግስት ተመላሽ ናት። የቀረው ከዚያች ጠዋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ብቻ ነበር።

«ብረቱን ራቁቱን እንዳትተወው» አለች እድላዊት አዝና፤ መሳቋ ቆጭቷታል። «ዱላው ብረት ከነካ ይጎዳል። ሰዎቹ ቆመው የሚመቱበት ምንጣፍ ሥር ስለምትቀበር እግሯ ሰፊ ይሁን።»

«ቡሎን አምጪልኝ። የጣት ርዝመት ያለው። ሳዲቅ ጋ ሩጪ።»

ከተረፈው ሞፈር ሰሐን የምታህል እግር ጠረበ፤ ዳዶውን ቀበረባት። በቡሎኑ አናት ላይ ከመኪና ጎማ የቆረጠውን ቱቦ በሙቅ ውሃ አላልቶ አለበሰው። ቱቦዋ ብትቀደድ በሌላ ይለውጧታል፤ እግሯና ቡሎኗ ይኖራሉ። ሦስቱን አበላሸ፤ አራተኛዋ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት እጁ ላይ ቆመች። ሲያዞሯት አንድ ጣት፣ ደግሞ ሲያዞሯት ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ትልቁን ለማገዶ ሊፈልጠው ሲል እድላዊት ከእጁ ነጠቀችው።

«ይሄንንማ ሜዳ ይዤው ነው የምወጣ። እንዲህ ያለ ነገር ተሠርቶ ሳይታይ?»

የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ሜዳ በሰው ጥቁር ብሏል። ጎረምሶቹ የገና ዱላቸውን ይዘው እሩር ያባርራሉ፤ ሽማግሌዎቹ ዳር ቆመው ይሳደባሉ። አለቃ ወልደ ሚካኤል በጥላቸው ሥር ተቀምጠዋል። እድላዊት ትንሿን መቀመጫ ሣሩ ውስጥ ተክላ ኳስ አኖረችባት። ዱላዋን አነሳች፣ ዞረች፣ መታች። ኳሷ ከሰው ሁሉ ራስ በላይ ተምዘግዝጋ ከወንዙ ማዶ ያለው የገብስ ማሳ ውስጥ ገባች።  ከዚያ ሁሉም ልምታ ልምታ አለ።

መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ እጃቸውን አጣምረው ሲያዩ ቆዩ። በወጣትነታቸው በገና ጨዋታ ያልሰበሩት ቅልጥም የለም ይባላል። ቀስ ብለው ቀረቡ። ለመሬት ቅርብ ወደሆነችው ኳስ ጎንበስ ሊሉ ሞክረው ወገባቸው እንቢ አለ።

«ይቺን ለመምታት መጀመሪያ መውደቅ ያስፈልጋል» አሉ።

«ለእርስዎ ሌላ አለ፣ አባባ!» አለችና እድላዊት ትልቁን ጎትታ አመጣች።

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ዋለ የሚገባበት ጠፋው፤ ሆኖም የወንበሩን እግር ሣሩ ውስጥ ተክሎ ቡሎኑን በአባቱ ልክ አዞረው። መሪጌታ ግን ኳስ አላስቀመጡም። ሁለት መዳፋቸውን አናቱ ላይ አደረጉ። በማኅሌት እንደሚቆሙት ቆሙ፤ ከዚያ በሙሉ ክብደታቸው ተጫኑት። ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። ዋለ ቀጭ የሚል ድምፅ እየጠበቀ ትንፋሹን ያዘ። እጃቸውን እየነቀነቁ ደግመው ተጫኑት፤ እግራቸውን ከመሬት አንስተው ተንጠለጠሉበት ቢባል ይቀላል። ወንበሩ አልነቃነቅም አለ።

«እህ» አሉ መሪጌታ።  ኳስ አስቀመጡ፣ ካንዱ ጎረምሳ የገና ዱላ ተቀበሉ፣ ወገባቸው ሳይጎብጥ ቀጥ ብለው መቱ።

ኳሷ ተወርውራ ሄዳ የአለቃ ወልደ ሚካኤልን ጥላ በሳች። ጥላው ተገለበጠ፤ አለቃም ከበርጩማቸው ተነሡ። ሰው ሁሉ ደነገጠ።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» አሉ መሪጌታ ከወዲያ ሆነው፣ ዱላቸውን ወደ ላይ አንስተው።

አለቃ የተቀደደውን ጥላ አዩት፣ መሪጌታን አዩ፣ ዋለን አዩ። ጥላውን ጥለው መጡ።

«ለኔም ዝቅ አድርግልኝ» አሉት። «እኔን ዝቅ ማድረግ ታውቅበታለህ።»

ያን ዕለት ሜዳው ላይ ሽማግሌ እንጂ ጎረምሳ አልተጫወተም። ከስድሳ በላይ ያለው ሁሉ ተሰልፎ በየልኩ እያስዞረ መታ፤ ሁለት ዶሮዎችና አንድ የመስኮት መስታወት ተጎዱ። በማግስቱ እድላዊት ትንሿን በቦርሳዋ ይዛ ሄደች፤ በሳምንቱ «ኃላፊያችን ወዷት ሃያ እንድትሠራለት አዝዟል» ብላ ደወለች።

ዋለ ስልኩን ዘግቶ ዞር ሲል በሩ ላይ አባቱ ቆመዋል። ገብተው፣ ሳይጠየቁ፣ ግድግዳውን ተጠግተው ቀጥ አሉ።

«ለካኝ» አሉ። «ለጥምቀት ይድረስልኝ።»

ዋለ ገመዱን አነሳ። አባቱን ከለካ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ልካቸውን ግን እንደ ስሙ ያውቀዋል። ከእግራቸው እስከ ብብታቸው ዘረጋው። ከሚያውቀው አራት ጣት ጎድሏል። ደግሞ ለካ፤ ያው አራት ጣት።

«ስንት ሆነ?»

«ያው ነዎት፣ አባዬ።»

«አውቃለሁ። ለኩታበሩ ሰውም የድሮውን ልኬን ነው የላክሁለት።»

ዋለ መቋሚያውን ምንም ከፍ ዝቅ ሳይጨምርበት፣ ከአንድ ደረቅ ወይራ፣ አራት ጣት አሳጥሮ ሠራው። ለጥምቀት ታቦቱ ሲወጣ መሪጌታ ተደግፈውበት ዘመሩ፤ ትከሻቸው ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ቀን አላረፈም። ዝማሬው ጋብ ሲል ወደ አለቃ ጠጋ ብለው፣ ከኋላ የቆመው ዋለ እየሰማ፣ «ያ የኩታበሩ ሰውዬ መለካት አያውቅም» አሉ። «ዓመት ሙሉ አንጠልጥሎኝ ኖረ! ልጄ ግን ልኬን አይስትም።»