ዳታቤዙን ያዳኑት እማማ ዘይነባ

ሁለት ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ፍለጋ ዛሬ በሰከንድ አለቀ! ጮቤ እየረገጥኩ ነው።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ላለ አንድ ክሊኒክ የታካሚዎች ዳታቤዝ ሠርቼ ነበር። ሰሞኑን ካርድ መፈለግ ከመዘግየቱ የተነሳ ሰልፉ በር ድረስ ደረሰ። ሰርቨሩ ላይ ሚሞሪ ጨመርኩ፤ ወይ ፍንክች!

ዛሬ ካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ስታገል ያዩኝ፣ ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት እማማ ዘይነባ፣ "ልጄ፣ ካርዱን በማን ስም ነው የደረደርከው?" አሉኝ።

ለካ በደርግ ጊዜ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ይሠሩ ነበር።

"አንድ ጓድ ውጭ አገር ተምሮ መጣና በአያት ስም ደርድሩ አለን። በሽተኛው የሚነግረን ግን የራሱንና የአባቱን ስም ነው! ሰልፉ አላልቅ ሲል፣ ጓዱ ስብሰባ የሄደ ቀን በየራሳቸው ስም መልሰን ደረደርነው።"

ሮጬ ኢንዴክሱን አየሁ፤ ኮምፒውተሩ ካርድ የሚፈልግበትን ማውጫ ማለቴ ነው። በአያት ስም! በመጨረሻ ስም ከሚደረድር የፈረንጅ ናሙና እንዳለ የገለበጥኩት እኔው ነኝ።

በስምና በአባት ስም አዲስ ሠራሁ። የእማማ ካርድ ስማቸው ተጽፎ ሳያልቅ መጣ።

"ጓዱስ ሲመለስ ምን አለ?" አልኳቸው።

"ሰልፉ ጠፍቶ ሲያይ መመሪያዬ ሠራ ብሎ ተሸለመ።"

እናንተንስ ሥራ ላይ ማን አድኗችሁ ያውቃል? ስሙን ከነአባቱ ጻፉልኝ፤ የአያቱ ይቅር።