የደረቀው ጤና አዳም

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጥፍሬን ቀይ ተቀብቼ ነበር። አዳማ ውስጥ ያለ አንድ ሆስፒታል በጽዳት ሠራተኛነት ቀጥሮኝ ኮሪደር ልወለውል ተዘጋጅቼ ስመጣ፣ የአስተዳደር ኃላፊው መዝገቡን ገልጦ ጽዳት ክፍል ሞልቷል፣ አትክልት ክፍል ግን ሰው ጎድሏል አለኝ። የአትክልተኞች አለቃ ጋሽ ገመቹ ጥፍሬን አዩና አካፋ ሰጡኝ። ቀለሙ እስከ ምሳ ሰዓት እንኳን አልቆየም።

መደብ ማውጣት፣ ፍግ ከአፈር ማደባለቅ፣ የችግኙን ላስቲክ ሥሩን ሳይነኩ በምላጭ መቅደድ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የአዳማ ንፋስ ላላ ያለ ችግኝ አይምርም። ስለዚህ ከተከልን በኋላ በአንድ እጅ ግንዱን ይዘን፣ በሌላው እጅ አውራ ጣት ዙሪያውን አፈሩን እንጠቀጥቃለን። ጋሽ ገመቹ በየመደቡ እየዞሩ ጠቅጥቂ፣ ጠቅጥቂ ሲሉ ይውሉ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አንዱን ችግኝ ሳብ አድርጌ ሥር ማውጣቱን ስፈትሽ ደረሱብኝ።

«ያዘ አልያዘ ብለሽ አትጎትቺው» አሉኝ። «አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ራሱ ይነግርሻል።»

በእኛ ሥራ ችግኝ ያዘ ማለት ሥር ሰደደ ማለት ነው። ጋሽ ገመቹ ጠዋት ጠዋት «አከም ቡልቴ» ብለው እንዴት እንዳደርኩ ይጠይቁኝና፣ መልሴን ሳይጠብቁ «ያዘ ወይ?» ይሉኝ ነበር። ስለ እኔ ይሁን ስለ ችግኙ አንዳንዴ አይገባኝም ነበር። ያ ድምፅ አሁንም ይናፍቀኛል። ንፋሱ ሳይነሳ ገና ውሃ የጠጣው አፈር የሚሸተው ሽታም ይናፍቀኛል።

ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ አርባው ሳይወጣ ሥራ ገባሁ። ጎረቤት አማኝ። እኔ ግን ቤት ስቀመጥ ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ ይመስለኛል፣ ስኮተኩት እተነፍሳለሁ። ጎንበስ ብዬ ባለቅስም ምን ሆንሽ የሚለኝ አልነበረም። ደክሞኝ እገባለሁ፣ እተኛለሁ። የደም ግፊቴን የምትለካኝ ነርስ ቁጥሩ መውረዱን አይታ ምን እየወሰድሽ ነው ብትለኝ ዶማ አልኳት። ክኒኑንም አላቋረጥኩም፣ እንዳልዋሽ።

ጋሽ ሁሴን የመጡት እኔ በተራዬ አለቃ ከሆንኩ በኋላ ነው። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ ሲያመላልሱ የኖሩ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን መታቸው። እግራቸው ተሽሎት በከዘራ ይሄዳሉ፣ ቀኝ እጃቸው ግን ጭናቸው ላይ ተጋድሞ ይውላል። ማክሰኞና ሐሙስ ለፊዚዮቴራፒ ሲመጡ የክፍሉ ሲስተር የላስቲክ ኳስ ይጭመቁ ትላቸዋለች። እሳቸው ደግሞ እኔ ሕፃን ነኝ ወይ ብለው ይመልሱላታል።

ሚስታቸው ዘሃራ እኩያዬ ነበረች። ተራ ስትጠብቅ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የቤቷን ነገር አጫወተችኝ። ባሏ በግራ እጅ መብላት ነውር ይሆንባቸዋል፣ ስለዚህ በር ዘግታ የምታጎርሳቸው እሷ ናት። ሠርግ ቀረ፣ ለቅሶ ቀረ፣ ወዳጅ ቤት መሄድ ቀረ።

«እጁ ካልተመለሰ ሰው መሃል አይወጣም» አለችኝ። «እኔ የምፈራው ሞቱን አይደለም፣ ይሄን ዝምታውን ነው።»

ጋሽ ሁሴን ከእኛ ጋር ችግኝ ቢተክሉስ ብዬ ሲስተሯን አማከርኳት፣ ደስ አላት። የአስተዳደር ኃላፊው ሰውዬው ቢወድቅ ማን ሊጠየቅ ነው አለ። እኔ አልኩት። ከአግዳሚው አጠገብ አንድ መደብ ለጋሽ ሁሴን ተሰጠ። አንድ የጤና አዳም ችግኝ አቀበልኳቸው፣ በግራ እጃቸው ብቻ ተከሉት። ጠመም ብሎ ቆመ። ሳልጠቀጥቅ ተውኩት፣ ቀኙን ያምጡ ማለት ከበደኝ። ከዚያ ወዲህ በመጡ ቁጥር ከሰላምታ በፊት የሚጠይቁት ያዘ ወይ ብለው ነው። ዘሃራ «ቤት ውስጥ ስለ ጤና አዳሙ ማውራት ጀመረ» ብላ ነገረችኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ደረቀ።

ሐሙስ ጠዋት እሳቸው ሳይደርሱ ነቅዬ ፍግ ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት፣ በቦታው ሌላ ተከልኩ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ሁሴን መጡ፣ በከዘራቸው ጫፍ ችግኙን ነካ አደረጉት።

«የእኔ ጠማማ ነበር» አሉ። «ይሄ ቀጥ ብሏል።»

አረም የምነቅል መስዬ ጎንበስ አልኩ።

«አንቺም ልታጎርሺኝ ነው?» አሉኝና ወደ በሩ ሄዱ። ፊዚዮቴራፒ ክፍልም አልገቡ።

ማክሰኞ አልመጡም። ሐሙስም አልመጡም። አትክልተኞቹን ችግኝ አትጎትቱ እያልኩ የኖርኩ ሴት ሰውዬውን ከነሥራቸው የነቀልኳቸው መሰለኝ፣ አፈርኩ። ለዘሃራ ደውዬ፣ የደረቀውን እኔ ነኝ የነቀልኩት፣ አጥፍቻለሁ፣ መደቡን ባዶ አድርጌ እየጠበቅኋቸው ነው በያቸው አልኳት። ያን ቀጥ ያለውን ችግኝም አነሳሁት።

በሚቀጥለው ማክሰኞ መጡ።

«የደረቀው የታለ?»

ፍጉ ውስጥ በእጄ ፈልጌ አወጣሁት። ሥሩ አፈር አልጨበጠም ነበር።

«ስላልተጠቀጠቀ ነው» አልኳቸው። «አንድ እጅ ግንዱን ይይዛል፣ ሌላው ይጠቀጥቃል። በግራ ብቻ አይሆንም። ያኔ ልነግርዎት ፈርቼ ነው።»

«አሁን ተናገርሽ» አሉና ቀኝ እጃቸውን በግራቸው አንስተው አፈሩ ላይ አኖሩት። አዲስ ችግኝ ጉድጓዱ ውስጥ አቆምኩላቸው፣ በግራቸው ግንዱን ያዙ። አውራ ጣታቸው ፈቀቅ እስኪል ጠበቅን። ያን ቀን አንዲት ችግኝ ስንተክል የምሳ ሰዓት አለፈ።

በዚያ ዓመት ብዙ ተከሉ፣ ብዙም ደረቀባቸው። የደረቀውን ራሳቸው እየነቀሉ ሥሩን ያዩ ነበር። ለመጠቅጠቁ ይረዳል ብለው ያን የናቁትን ኳስም ቤት ወስደው ይጨምቁ ጀመር። ሲስተሯ ይህን ስትሰማ ከእኔ ኳስ የአንቺ አፈር ተሰማ ብላ ሳቀችብኝ።

ባለፈው ዓመት በጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ ግቢው ውስጥ ሽኝት አደረጉልኝ። ገበታው ሁሉም እንዲበላው ተብሎ የጾም በያይነቱ ነበር። ጋሽ ሁሴን ከዘሃራ ጋር መጡ። ሲበሉ አላየሁም፣ ሰው ከብቦኝ ነበር። በኋላ ስሜን ሲጠሩ ዞር አልኩ። በቀኝ እጃቸው ጉርሻ ጠቅልለው ቆመዋል። ሽሮው ቀሚሴ ላይ ተንጠባጠበ። አጎረሱኝ።

«ይዟል» አሉ።

አፌ እንደሞላ አለቀስኩ።

ይህን የምጽፈው እኔን ለተካችሁ አትክልተኞች ነው። በሽተኛ የተከለው ሲደርቅ ተደብቃችሁ አትተኩበት። አሳዩት፣ ለምን እንደደረቀ ንገሩት፣ ሌላ ችግኝ ስጡት።