ለአከራይዋ የተገዛ ሽፈራው

በሁዳዴ፣ ጂንካ ገበያ የሽፈራው ቅጠል የምትሸጠው ጥሩብርሃን አንዲትን ተማሪ በተኮሳተረ ግንባሯ ትለያታለች። ልጅቷ ምሳዋን ቦንቦሊኖ በለስላሳ እያወራረደች፣ ፊቷን ቋጥራ ታልፋለች። ያን ፊት አይቶ ውሻ እንኳን መንገድ ይለቅላታል።

«የኔ ልጅ፣ ጾሙ በቦንቦሊኖ አይገፋም። ቅጠል ብዪበት፤ ፊትሽ ይፈታል» አለቻት አንድ ቀን።

ልጅቷ ጓደኞቿን ሰረቅ አድርጋ አየችና፣ «ፍየል ነኝ እንዴ?» አለች። ጓደኞቿ ሳቁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ቅዳሜ ብቻዋን መጥታ፣ «ለቤት አከራዬ ነው» ብላ አንድ እስር ገዛች።

«አከራይሽ አሠራሩን ታውቃለች?»

«መጀመሪያ የማሽላው ሊጥ ይድቦለቦላል፤ ከዚያ ቅጠሉ… እናቴ ወይጦ ቤታችን ስትሠራው ሽታው…» ብላ ድንገት አፏን በእጇ ያዘች። ገና ሳትቀምሰው ፊቷ ተፈትቷል።

ጥሩብርሃን ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሌላ እስር መረቀችላት።

«ይሄኛውን ለአከራይሽ ስጪያት።»