ማዳም ሮማን የወሰዱልኝ ጥፋት

ጠዋት የእህታቸው ልጅ ደውላ "ማዳም ሮማን አረፉ" ስትለኝ "የትኛዋ ሮማን?" አልኳት። ሌላ የማውቃት ሮማን እንደሌለች እያወቅኩ።

ሐሙስ እኮ አውርተናል! ልባቸው እንደሚያስቸግራቸው እናውቃለን። ግን እንዲህ በድንገት?

ለማታውቋቸው፣ ማዳም የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናቸው፤ እዚሁ ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ዱ በሚባለው ሰፈር ተወልደው ያደጉ። ኬሚስት ነበሩ። ከከተማው ወጣ ብላ በነበረች ትንሽ ላቦራቶሪ ውስጥ ረዳታቸው ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራችን ለስልክና ለኤሌክትሪክ መኪና የሚፈለጉትን ብርቅዬ ማዕድናት ከጥቁር አሸዋ መለየት ነበር።

ብርቅዬ ይባሉ እንጂ ጣጣቸው መገኘቱ ላይ አይደለም፤ መለያየቱ ላይ ነው። በጣም ይመሳሰላሉ። አሸዋውን በኬሚካል ቀቅለን፣ በአሲድ አሟምተን፣ ፈሳሹን ከዘይት መሰል ነገር ጋር እንንጠዋለን። ከዚያ መጠበቅ ነው። ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ አንዱን ማዕድን ከሌላው ትንሽ አብልጦ ይዞ ይወጣል። ትንሽ ብቻ! ስለዚህ እንደገና ነው፣ አሁንም እንደገና።

እኔ ስቸኩል፣ "ዱስማ፣ ሄኖክ! ቀስ በል! በመንታ ልጆቿ እናትም ትሳሳታለች" ይሉኝ ነበር። በቀን ስንቴ እንደሰማሁት!

አሸዋው ግን ቶሪየም የሚባል ጨረር የሚያወጣ ነገርም አለው። ማዕድኑ ሲለይ እሱ ዝቃጩ ውስጥ ይቀራል። ማዳም "ዝቃጩ በርሜል ገብቶ ይታሸጋል፣ ከግቢ አይወጣም" ብለው ነግረውኛል። የላቦራቶሪው ባለቤት በርሜሉን ዛሬ ነገ እያለ ሲያጓትት፣ ዝቃጩ ደርቆ በጆንያ ተከማቸ።

አንድ ቀን ማዳም በሌሉበት የቀን ሠራተኛችን ረሺድ መጣ። ዋራበሌ ሰፈር ያለች ቤቱን ወለል ሊደለድል አፈር ፈልጓል። "ይሄን ልውሰድ?" አለኝ።

"ውሰደው፣ ምን ያደርጋል" አልኩት። ሦስት ጆንያ አብሬው ጫንኩ።

ተነግሮኝ ነበር እኮ። ግን በዓይን የማይታይ ነገር አያስፈራም። ይህንን ከማዳም በቀር እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በማግስቱ ማዳም ጆንያዎቹ መጉደላቸውን አዩ። ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። አልጮኹብኝም። የጨረር መለኪያውን አንስተው "አካፋ ያዝ፣ ታክሲ ጥራ" አሉኝ።

ስንደርስ የረሺድ ሚስት ሕፃን ልጇን አዲሱ ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፋ አስተኝታታለች። ማዳም መለኪያውን ዝቅ ሲያደርጉት መንጣጣት ጀመረ። ያ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ማዳም በሶማልኛ "ልጅቷን አንሺና ውጪ" አሏት፣ ረጋ ብለው።

ረሺድ ወደ እኔ ዞረ። "ምንድን ነው የሰጣችሁኝ?"

አፌን ስከፍት ማዳም ቀደሙኝ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ጆንያው ላይ ምልክት ማድረግ ነበረብኝ፣ አላደረግኩም።"

ከዚያ ነጠላቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ አስረው፣ አቧራ እንዳይነሳ ውሃ እየረጩ፣ ከእኛ ጋር መቆፈር ጀመሩ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ሙቀት። ቆፍረው ይለካሉ፣ እንደገና ይቆፍራሉ፤ መለኪያው ጸጥ እስኪል አላቆሙም። የወጣውን አፈር በጆንያ ሞልተን ወደ ላቦራቶሪው ግቢ መለስነው። በኋላም ልጅቷን ራሳቸው ሐኪም ዘንድ ወሰዷት። ደህና ነበረች።

የላቦራቶሪው ባለቤት ይህን ሲሰማ "ራስሽ አምነሻል" ብሎ አሰናበታቸው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ።

ከዓመታት በኋላ ቤታቸው ሄጄ "ለምን እንዲያ አደረጉ?" አልኳቸው።

"አንተን ቢያባርርህ ቀሪውን ጆንያ ማን ይጠብቀዋል? ከዚያ ቀን በኋላ እንዳንተ የሚጠነቀቅ ሰው ከየት ይመጣል?" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በርሜሎቹ እስኪመጡ ጆንያዎቹን አንድ ሰው አላስነካሁም። በርሜሎቹም ላይ "አደጋ" የሚለውን ቃል በአምስት ቋንቋ ጻፍኩ። አፋርኛውን የጻፈልኝ ጥበቃው ነው።

ዛሬ ረሺድን ደውዬ አረዳሁት። አለቀሰ። ከዚያ ያንን ቀን ጆንያዎቹን የሰጠሁት ማዳም ሳያውቁ እንደነበር ነገርኩት።

"አውቄ ነበር" አለኝ። "እሳቸው ሲናገሩ አንተ መሬት መሬት ታይ ነበር። አንተ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅኩት። ነገ መጥቼ እወስድሃለሁ፣ ቀብሩ ላይ አብረን እንቆማለን። ልጄም ትመጣለች።"

ማዳም፣ ይኸው ተናገርኩ፤ እርስዎ በሕይወት እያሉ መናገር ሲገባኝ። እዚያ በር ላይ ዝም ስላልኩ ይቅር ይበሉኝ። ልጅቷ አሁን ቁመቷ ከእናቷ በልጧል። ነገ አበባ ይዛ የምትመጣው እሷ ናት። ደህና ይሁኑ፣ እናቴ።