ጥላ ውስጥ የጋለ ኮፈን

ተዋቸው ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ነው የነዳው። የጎብዬን ሽንኩርት፣ የዋጃን ማሽላ፣ ሙሽራውንም አስከሬኑንም ጭኗል። ባለቤቶቹ ሲሞቱ ለልጆቻቸው ነዳ፤ ልጆቹ ሲሸጡ ለገዢዎቹ ነዳ። ያን ጊዜ ቆቦ ላይ “ተዋቸው የያዘው መኪና ነው” ከተባለ ማንም ኮፈን ከፍቶ አያይም ነበር። ለራሱ ግን አንድ ጎማ እንኳ አልነበረውም።

እናም የሮቢቱ ታረቀኝ አሮጌ ፒካፑን ሊሸጥ ነው ሲባል፣ ያባቱን ጥማድ በሬ ሸጦ፣ ያጠራቀማትን ሁሉ ጨምሮ ገዛው። ታረቀኝ ባዕድ አይደለም፤ የልጁ የዋሲሁን የክርስትና አባት ነው። ሁለቱ በስም ተጠራርተው አያውቁም፤ “አበልጄ” ነው፣ አለቀ።

ከሚስቱ ከሸዋነሽ ጋር ሊያዩት የሄዱ ዕለት፣ ቁልፉን የያዘው ታረቀኝ ራሱ ነበር።

“ከትናንት ወዲህ ከዚህች ግራር ሥር አልተነቃነቀም። ስማው እስቲ፣ አበልጄ!”

ሞተሩ እንደ ንብ ቀፎ አንድ ወጥ ድምፅ አሰማ። ተዋቸው ኮፈኑን ዳበስ ቢያደርገው ያቃጥላል። የቆቦ ሰው በጋለ ብረት መቼ ይደነግጣል? እዚህ አገር በበጋ የቆርቆሮ በር እንኳ በጨርቅ ነው የሚያዝ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረግ አደረገ፣ ብሩን ቆጥሮ ቁልፉን ተቀበለ፣ ተመራርቀው ተለያዩ።

በማግስቱ ጠዋት ያ ንብ የለም። ሞተሩ ሲነሣ ያነክሳል፣ ይንዘፈዘፋል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል፤ ትንሽ ቆይቶ ሲሞቅ ደግሞ ምንም እንዳልነካው ጸጥ ይላል።

“ብርዱ ነው” አለ ተዋቸው።

“ብርድ? ቆቦ ላይ?” ሸዋነሽ ሳቀች። “ጋቢ ልደርብለት እንዴ?”

ጋራዥ ሲወስዱት መካኒኩ መንሱር ግን አልሳቀም። “ጋሼ፣ የቴስታታው ጋርኒሲዮን፣ የሞተሩ ክዳን ማሸጊያ ማለቴ ነው፣ ለቋል። ቆሞ ሲያድር ውሃው ወደ ሲሊንደሩ ይንጠባጠባል። ጠዋት አንዱ ሲሊንደር ውሃ ጎርሶ ነው የሚነሣ፤ መች እሳት ይይዝለታል? ሲሞቅ ብረቱ ይሰፋና ቀዳዳው ይደፈናል። ወላሂ፣ ይሄ የቆየ ነገር ነው። ሲገዙት ቀዝቅዞ ነው የተነሣ?”

“አበልጄ ቢያውቅ ይነግረኝ ነበር!” ተዋቸው ተቆጣ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሸዋነሽ ቀስ ብላ፣ “እኔ እምለው፣ መኪናው ጥላ ውስጥ እኮ ነበር የቆመው። ፀሐይ ሳታገኘው ኮፈኑን ምን አጋለው?” አለችው።

እሑድ ሮቢት ሄደ። ሊጣላ አይደለም። “አላወቅሁም” የምትል አንዲት ቃል ፈልጎ ነው። ታረቀኝ አቅፎ ተቀበለው፤ በሉ፣ ጠጡ፣ የዋሲሁንን ትምህርት አወሩ። ፀሐይ ዘቀዘቀች። በእጁ እያጎረሰው ያለን ሰው “አታለልኸኝ ወይ?” ብሎ ማን ይጠይቃል? ሳይጠይቅ ተነሣ። በልቡም ይቅር፣ አያውቅም ነበር ብሎ ጨርሶት ነበር።

መኪናው ግን ቆሞ ሲውል ቀዝቅዟል። ቁልፉን ሊያዞር ሲል ሊሸኘው የወጣው ታረቀኝ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አለ።

“አበልጄ፣ ነዳጁን ረገጥ አድርገህ ያዝለት! ቀዝቅዞ ሲነሣ ይጠፋብሃል፤ እኔንም እንዲሁ ነበር የሚያደርገኝ…”

ታረቀኝ ያለውን የሰማው ካፉ ከወጣ በኋላ ነው።

ሞተሩ እያነከሰ፣ እየተንዘፈዘፈ ተነሣ። ነጩ ጭስ በሁለቱ መካከል አለፈ። ታረቀኝ ግራሯን ያያል። ተዋቸው መሪውን እንደያዘ ጠበቀ፤ ሞተሩ እስኪሞቅ፣ እስኪረጋ ጠበቀ። አንዲት ቃል ለማለት የሚበቃ ጊዜ ነበር። ታረቀኝ አላለም።

ሲረጋ ማርሽ አስገባ።

“ደህና ሁን፣ ታረቀኝ” አለው።