የእትዬ ዚፕ ትርፍ ትኬት

ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ዚፕ ይላታል። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ነው፤ ከአንድ ፎቅ መወጣጫ ሥር በተሸጎጠች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የተበላሸ ዚፕ ትቀይራለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፣ የጠበበ ቀሚስ ታሰፋለች። በአፏም ነው የሚሉ አሉ። ሰው እስክታምን ድረስ ከአፏ ቃል አይወጣም፤ ለማመን ደግሞ ዓመታት ይፈጅባታል።

እንዲህ የሆነችው ከመሬት ተነስታ አይደለም። ሱቁን በከፈተች ሰሞን አንድ ጨዋ የሚመስል ሰውዬ መጥቶ፣ "ባለቤቴ ልካኝ ነው" ብሎ የሌላ ሴት ካፖርት ይዞባት ሄደ። የካፖርቱ ባለቤት በማግስቱ ስትመጣ እትዬ ዚፕ የምትገባበት ጠፋት። ሌላ ካፖርት ሰፍታ እስክታስረክብ ድረስ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ከዚያ ወዲህ ልብሱን ሊወስድ የመጣን ሰው የምትጠይቀው ጥያቄ ለጉድ ነው። "ቁልፉ ምን ዓይነት ነበር? ኪሱ ውስጥ ምን ረስተሃል? ያን ቀን ከማን ጋር ነበር የመጣኸው?" አንድ ደንበኛዋ፣ "እትዬ፣ የገዛ ሱሪዬን ለመውሰድ ጠበቃ ላቁም እንዴ?" ብሎ ሰፈሩን አስቆታል። እሷ አልሳቀችም። ሱሪውንም የሰጠችው ኪሱ ውስጥ የረሳውን ማበጠሪያ ቀለም በትክክል ከተናገረ በኋላ ነው።

ባሏ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። የልቧ ሰው ታናሽ እህቷ ናት። እህቷ ፀጉር ቤት ትሠራለች፤ ተጫዋች ናት፣ መንገድ ላይ ካገኘችው ሁሉ ጋር የሆዷን ዘርግፋ የምታወራ። እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገቻት እትዬ ዚፕ ናት። ታናሽየዋ ዛሬ ወደ አርባ እየተጠጋች እንኳ የምትጠራት "እቴቴ" ብላ ነው።

ልጆች ሳሉ ሁለቱም የሚወዷት አንዲት ዘፋኝ ነበረች። ልብስ ሲያጥቡ የእሷን ዘፈን ይቀባበሉ ነበር፤ ታላቅየዋ ትጀምራለች፣ ታናሽየዋ ትከተላለች። ያቺ ዘፋኝ ከብዙ ዘመን ዝምታ በኋላ መድረክ ልትወጣ ነው ሲባል እትዬ ዚፕ ማልዳ ተሰልፋ ሁለት ትኬት ገዛች። ዝግጅቱ እሑድ ከሰዓት ነበር።

እሑድ ረፋዱ ላይ ስልኳ ጮኸ።

"እቴቴ፣ አልመጣም" አለች እህቷ። "ራሴን አሞኛል።"

"ምን ሆንሽብኝ? ልምጣ?"

"አይ! አትምጪ! ትንሽ ልተኛ፣ ይለቀኛል።"

"አይ" ያለችበት ፍጥነት ለእትዬ ዚፕ ጆሮ አልጣመውም። የባሰው ደግሞ ከስልኩ ወዲያ የወንድ ሳል መሰማቱ ነበር። ሰሞኑን እህቷ ስልክ ሲደወልላት ወደ ደጅ ብቅ ማለት፣ ድምጿን ዝቅ ማድረግ፣ "ማነው?" ስትባል "ደንበኛ ነው" ማለት አብዝታለች። እትዬ ዚፕ ልብሷን እየለበሰች አወጣች አወረደች። ከሥራ ተባርራ ይሆን? ሰው አታልሏት ይሆን? ወይስ እኔን ነው የሸሸችው? መልስ ስላላገኘች ሁለቱንም ትኬት ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ብቻዋን ሄደች።

አዳራሹ በር ላይ ሰው እንደ አሸዋ ፈሷል። "ትኬት አልቋል" የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ጥቁር ሸሚዝ የለበሱ የግል ጥበቃ ድርጅት ሠራተኞች ሬዲዮ ይዘው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። እትዬ ዚፕ ጥግ ይዛ ስትቆም ቀይ ኮፍያ ያደረገ ጎልማሳ ጠጋ አለ።

"እህቴ፣ ትርፍ ትኬት ይኖርሽ ይሆን?"

"ማን ትርፍ አላት አለህ?"

"ኧረ እንዲሁ ጠየቅኩ።"

"ከዚህ ሁሉ ሰው እኔን ምን ብለህ መረጥክ?"

ሰውየው እጁን ወደ ላይ አንስቶ፣ "ይቅርታ፣ አልጠየቅኩም" ብሎ ሄደ። እትዬ ዚፕ በዓይኗ ተከተለችው። ጫማው በጣም ንጹሕ ነው። አስተያየቱም አላማራትም።

ጥቂት ቆይቶ ለፀሐይ ጃንጥላ የያዘች ሴትዮ መጣች፤ በዕድሜ እኩያዋ፣ ፊቷ የእናት ፊት። "ውይ እህቴ፣ ልጄ ውስጥ ገብታ እኔ ውጭ ቀረሁ" አለች። "የማደርገው ጠፍቶኝ ማልቀስ ነው የቀረኝ።"

እትዬ ዚፕ እንደ ልማዷ መረመረቻት። ልጅቷ ምን ለብሳለች? ሰማያዊ ሹራብ። ለምን አብረው አልገቡም? አንድ ትኬት ብቻ ነበር የተገኘው። ሴትዮዋ ዓይኗን ሳታሽ መለሰች። የእትዬ ዚፕ ልብ ራራ።

"በገዛሁበት ዋጋ ነው የምሰጥሽ" አለቻት። "ትርፍ አልፈልግም።"

ትኬቱን ሰጥታ ብሩ ገና መዳፏ ውስጥ ሲገባ፣ ሁለት ጥቁር ሸሚዞች ግራና ቀኝ ክንዷን ያዙ። ጃንጥላ የያዘችው ሴትዮ አልደነገጠችም። ትኬቱን ለአንደኛው አቀብላ፣ ፊቷን ሳታዞር ወደ ሕዝቡ ተመልሳ ገባች።

እትዬ ዚፕን በጎን በኩል ባለ የብረት በር አስገብተው፣ ደረጃ አውርደው፣ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ አስቀመጧት። የተሰባበሩ ወንበሮች እስከ ጣሪያ ተደራርበዋል። የወለል መወልወያ ፈሳሽ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። አግዳሚ ላይ አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ከጠረጴዛው ኋላ ደግሞ ጠባቂዎቹ "አለቃ" የሚሉት አንገተ ወፍራም ሰውዬ አለ።

"ስንተኛ ጊዜሽ ነው?" አለ አለቃው።

"ምኑ?"

"ትኬት ስትቸረችሪ።"

"የእህቴ ትኬት ነው። አሟት ቀረች።"

አለቃው ጠባቂዎቹን ጠቀሳቸው። "ዛሬ የሁሉም እህት ታማለች።"

ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። የዚፕ ጥቅል፣ ሜትር፣ የልብስ ጠመኔ፣ ትንሽዬ መተርተሪያ ወጣ።

"ይሄ ስለት ምንድነው?"

"የስፌት መተርተሪያ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ።"

"ልብስ ሰፊ በእሑድ ቀን፣ ዘፈን ሊሰማ ሲመጣ፣ ዚፕ ተሸክሞ ይዞራል?"

ጥያቄው እሷም ብትሆን የምትጠይቀው ዓይነት ነበር። ሁልጊዜ የምትይዘው ቦርሳ እንደሆነ ብትናገርም አለቃው የሚፈልገውን ነገር አስቀድሞ ወስኗል።

"ከማን ጋር ነው የምትሠሪው? ትኬቱን የሚያቀብልሽን ሰው ጥሪና ወደ ቤትሽ ሂጂ።"

"የሚያቀብለኝ የለም።"

"እንግዲያስ ቁጭ በይ። ትዝ እስኪልሽ።"

ስልኳንና ሁለቱንም ትኬቶች መሳቢያ ውስጥ ወረወራቸው። "አንዱ እኮ የራሴ መግቢያ ነው!" ብትልም፣ "ተወርሷል" አላት።

አለቃው ወጣ ሲል ሽማግሌው የውሃ ኮዳቸውን ዘረጉላት። "ጠጪ ልጄ፣ ከንፈርሽ ደርቋል።"

"አመሰግናለሁ አባባ፣ አልጠማኝም።" ጉሮሮዋ እንደ ቡሽ ደርቆ ነበር። ግን እኚህ ሰው ማን ናቸው? አስወርተው ሊያወጣጧት ቢያስቀምጧቸውስ? ጃንጥላ ይዛ የመጣችውም እኮ የእናት ፊት ነበራት።

"እኔንም የያዙኝ የባለቤቴን ትኬት ስሸጥ ነው" አሉ ሽማግሌው።

"ባለቤትዎ የት አሉ?"

"እግሯን ታማለች። ደረጃ አትወጣም።"

"ደረጃ የማይወጡ ከሆነ ታዲያ ምን ብለው ገዙላቸው?"

ሽማግሌው ኮፍያቸውን በጣታቸው አዟዟሩት። "እስከዛሬ ትድናለች ብዬ" አሉ።

እትዬ ዚፕ ኮዳውን ተቀብላ ጠጣች።

ብዙም ሳይቆይ አለቃው ተመልሶ መሳቢያውን ሳበ፣ ጭብጥ ሙሉ ትኬት አውጥቶ በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣ። እትዬ ዚፕ ከተቀመጠችበት አንገቷን ሰገግ አደረገች። በበሩ ክፍተት ያቺ ሴትዮ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ይታያታል። አለቃው ትኬቶቹን ሰጣት፤ እሷ በታጠፈው ጃንጥላ መሃል ሸጎጠቻቸውና ደረጃውን ወጣች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሳ መጥታ የተጠቀለለ ብር እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ጃንጥላዋ ባዶ ነበር።

እትዬ ዚፕ ወደ ሽማግሌው ዞረች። "አባባ፣ አዩ?"

"አየሁ" አሉ በሹክሹክታ። "ከጠዋት ጀምሮ እያየሁ ነው። ማን ያምነኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አንቺንም ከእነሱ ወገን ትሆን ይሆናል ብዬ ፈርቼሽ ነበር።"

በዚያው ቅጽበት ከጣሪያው በላይ ሕዝቡ ጮኸ። ከዚያ ጸጥ አለ። ዘፋኟ ጀመረች። ቃሉ አይለይም፣ ዜማው ብቻ በሲሚንቶው ውስጥ አልፎ ይመጣል። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እትዬ ዚፕ እህቷን አሰበች፤ ይሄኔ እውነትም አሟት ተኝታ ይሆናል። ወይም ከዚያ ከሚያስለው ሰውዬ ጋር ትስቃለች። ደሟ ፈላ፤ በማን ላይ እንደፈላ ግን ለራሷም አልገባትም።

አለቃው ሲገባ ብድግ አለች።

"ፖሊስ ጥራልኝ።"

አለቃው ሳቀ። "ለአንዲት ትኬት?"

"አዎ፣ ለአንዲት ትኬት። ሸጫለሁ። ጥፋት ከሆነ ፖሊስ ፊት እናገራለሁ። አንተም መሳቢያህን ፖሊስ ፊት ትከፍታለህ።"

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ወደ መሳቢያው አየ፣ ወደ በሩ አየ። "እኔ እኮ የማስቸገር ፍላጎት የለኝም" አለ፣ አሁን ድምጹ ለስልሶ። "ስልክሽን ያዢና ሂጂ፣ እህቴ። ይቅር ብለንሻል።"

"ማን ይቅር በሉኝ አላችሁ? አልሄድም።"

"እኔም አልሄድም" አሉ ሽማግሌው፣ ኮፍያቸውን አጥልቀው።

አለቃው ሊያስወጣት ክንዷን ሲይዛት፣ ከላይ የብረቱ በር በጡጫ ተደበደበ። "እቴቴ! እቴቴ እዚህ ነሽ?" የሚል ጩኸት ደረጃውን ሞላው። በሩን የሚጠብቀው ሠራተኛ ግራ ተጋብቶ ሲከፍት እህቷ እየሮጠች ወረደች። ከኋላዋ አንድ ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ሰውዬ ይከተላል። ሰውየው ሳለ።

እትዬ ዚፕ ያቺን ሳል ወዲያው ለየቻት። ጠባቂዎቹንም አለቃውንም ረስታ ወደ እሱ ዞረች። "አንተ ደግሞ ማነህ?"

"እቴቴ፣ ልነግርሽ ነበር እኮ" አለች እህቷ እያለከለከች። "ልንጋባ ነው። ዛሬ ሦስታችን በር ላይ ተገናኝተን ላስተዋውቅሽ ብዬ… ጠዋት ፈርቼ ቀረሁ። አላስችል ሲለኝ ተነስተን መጣን። ስትጠፊብኝ ሰው ሁሉ ጠየቅኩ፤ አንድ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ነው በየት በኩል እንዳስገቡሽ ያሳየን።"

እትዬ ዚፕ ለረጅሙ ሰውዬ፣ "ስልክ ይዘሃል?" አለችው።

"ይዣለሁ እትዬ።"

"ፖሊስ ጥራ። የቀረውን ኋላ እጠይቅሃለሁ።"

ሁለት ፖሊሶች መጡ። አለቃው ትኬት ተወርሶ ስለሚቀመጥበት ደንብ ብዙ አወራ። አንደኛው ፖሊስ ሰምቶ ሰምቶ፣ "ጥሩ፣ የወረስካቸውን አሳየና" አለው። መሳቢያው ውስጥ የእትዬ ዚፕ ስልክ ብቻ ነበር። እሷም ሽማግሌውም ያዩትን አንድ በአንድ ተናገሩ። አለቃው ከፖሊሶቹ ጋር ሄደ። ፖሊሱ ለእትዬ ዚፕም ትኬት በር ላይ መሸጥ ክልክል መሆኑን ነገራት፤ "አውቄያለሁ፣ አልደግመውም" አለች። ሽማግሌውን ደግፋ ደረጃውን አወጣቻቸው።

በኋላ እንደተሰማው አዳራሹ ከጥበቃ ድርጅቱ ጋር የነበረውን ውል አፈረሰ። ሴትዮዋ ግን አልተያዘችም። አለቃው፣ "አላውቃትም" ብሎ ክዶ ቀረ።

ያን ዕለት ወደ ቤት ሲመለሱ እትዬ ዚፕ እህቷን ወደ ጎን ሳብ አደረገቻት። "ለምን ደበቅሽኝ? ከእኔ ይደበቃል?"

እህቷ በጥያቄ መለሰችላት። "ያ ሰውዬ እዚያ ክፍል ውስጥ ምን አደረገሽ?"

"ምን ያደርገኛል? መረመረኝ። የምናገረውን ሁሉ ውሸት ነው ብሎ ጀመረ።"

"እኔም እሱን አንቺ ዘንድ ሳመጣው እንደዚያ እንዳይሆንበት ነው የፈራሁት፣ እቴቴ።"

እትዬ ዚፕ ልትቆጣ ፈለገች፣ ግን ቦርሳዋን ወደ ትከሻዋ ስባ መንገዷን ቀጠለች። ረጅሙ ሰውዬ ከኋላቸው እየሳለ፣ ለመቅደምም ለመቅረትም አፍሮ ይራመዳል።

በሚቀጥለው እሑድ ባሏ ቤት በዋለበት ቀን የእህቷን እጮኛ ምሳ ጠራችው። ሰውየው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ አፉን ከፍቶ የሚያወራ ሳይሆን ሲጠየቅ የሚመልስ። እትዬ ዚፕ ምግብ አቀረበች፣ ውሃ ቀዳች፣ ስለ ባሏ መንገድ አወራች፣ ስለ አየሩ አወራች። ከዚህ በፊት ሚስት ነበረችው እንደሆነ፣ የት እንዳደገ፣ ሳሉ ከምን እንደመጣ መጠየቅ እያማራት ጥርሷን ነክሳ ዋለች። እህቷ ከጠረጴዛው ማዶ እያየች ሳቋን ትይዛለች።

እጅ ሲታጠቡ አልቻለችም። ፎጣ እያቀበለችው ጎንበስ ብላ፣ "አንዲት ጥያቄ ብቻ" አለችው።

"እትዬ፣ ሁሉንም ይጠይቁኝ" አለ ሰውየው። "ከመጣሁ ጀምሮ መልሱን እየተለማመድኩ ነው።"

ባሏ ከሳሎን ሆኖ በሳቅ ፈነዳ። እትዬ ዚፕም ሳቀች። ከዚያ ወንበር ስባ ከፊቱ ተቀመጠችና ጀመረች።