ከማህሌት ጋር የወረድኩት የዩታ ተራራ

ዓርብ፣ ከኮሎምበስ

በ2022 ፌብሯሪ፣ አንድ ዓርብ ማለዳ ኦሃዮ ካለችው ከተማችን ከኮሎምበስ ተነሳን። መንገደኞቹ ሁለት ነን፤ እኔና ልጄ ማህሌት። የምንሄደው ዩታ ውስጥ ወዳለ፣ እንደ ዱቄት በላመ ጥልቅ በረዶው ስሙ ወደገነነ የስኪ፣ ማለትም የበረዶ ላይ መንሸራተቻ፣ ተራራ ነው። ማህሌት ዘንድሮ ሃይስኩል ትጨርሳለች፤ ኦገስት ላይ ደግሞ ሌላ ስቴት ኮሌጅ ልትገባ ነው። የምረቃ ድግስ ላዘጋጅልሽ ብላት፣ “ድግሱ ይቅር፣ ተራራ ውሰደኝ” አለች፤ በእንግሊዝኛ ነው እንጂ። ቀጥላም ከባዱን አስከተለች። “ግን አንተም ከላይ ከእኔ ጋር ትወርዳለህ። መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለም።”

እውነቷን ነው። ከኮሎምበስ ሰሜን ወዳለች ትንሽ የስኪ ኮረብታ ሳመላልሳት፣ ማሞቂያውን ከፍቼ መኪና ውስጥ እተኛ ነበር። እኔ ዴሊቨሪ ቫን የምነዳ ሰው ነኝ፤ በረዶ ለእኔ የሥራ ጠላት እንጂ መዝናኛ አይደለም። ቢሆንም ልጁ ልትሄድበት ወራት ሲቀሯት እንዲህ ተጠይቆ እምቢ የሚል አባት ካለ ይምጣና ልየው። እሺ አልኩ። ጃንዋሪ ላይ እዚያችው ኮረብታ ሄጄ ሁለት ቀን ተለማመድኩ።

ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ቅመም የሚሸጠው ጓደኛዬ ከበደ ወሬውን ሲሰማ ሳቀብኝ። “ሰው ከበረዶ ይሸሻል እንጂ ትኬት ቆርጦ ይሄድበታል? በኋላ ዊልቸር ግፋልኝ እንዳትለኝ።”

“አታሟርትብኝ” ብዬው ወጣሁ። ባለቤቴ ጽጌ ኢስተን ሆቴል ውስጥ ስለምትሠራ ቅዳሜና እሁድ እረፍት አላገኘችም። ዳቦ ቆሎና ቋንጣ ቋጥራ ሸኘችን።

ዴንቨር ላይ አውሮፕላን ቀይረን፣ ቀኑን ሙሉ በማስክ ታፍነን፣ ከሰዓት በኋላ ሶልት ሌክ ሲቲ ገባን። መኪና ተከራይተን ወደ ተራራው አቀናን። መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ በአንድ ወገን አለት፣ በሌላው ገደል። መግቢያው ላይ ፖሊስ አስቁሞ ጎማችን ለበረዶ የሚሆን መሆኑን አየና አሳለፈን።

ማረፊያችን ስንደርስ እንግዳ ተቀባይዋ፣ “ከፍታ ላይ ስለሆንን አየሩ ስስ ነው፤ ደረጃውን ቀስ ብላችሁ ውጡ” አለችን። “እኔ አዲስ አበባ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ይህ ምኔ ነው?” አልኳት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የደረጃውን ብረት ሙጭጭ አድርጌ ይዤ ሳለከልክ ማህሌት በሳቅ ሞተች። ለካ ሜዳው ኮሎምበስ ሳንባዬን በልቶታል።

ቅዳሜ፣ ተራራው ላይ

ሌሊቱን ሲጥል አድሮ ጠዋት መኪናችን የለችም፤ በቦታዋ ነጭ ክምር አለ። በገመድ የሚጎተተው ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ አጠገባችን ተቀመጡ።

“ዛሬ በረዶው እስከ ጉልበት ነው” አሉ። “ሰው እንዲህ ያለ ቀን ዓመት ሙሉ ይጠብቃል። ከየት ነው የምትወርዱት?”

ማህሌት ጫፉን አሳየቻቸው። ሽማግሌው ጉልበቴን አዩ። ዳቦ ቆሎ ዘገንኩላቸው፤ ቆረጣጥመው፣ “ይህ ደግሞ ምንድን ነው?” ቢሉኝ፣ “ጉልበት ነው” አልኳቸው።

ከጫፍ የሚወርደው ቀላሉ መንገድ ለጀማሪ የተመደበ ነው፤ ለእኔ ግን ያው ተራራ ነው። ኦሃዮ እንደተማርኩት እግሬ ላይ የታሰሩትን የስኪ ሳንቃዎች አፍንጫ ገጥሜ፣ ፍጥነቴን እየገታሁ ጀመርኩ። የኦሃዮ በረዶ እንደ ሲሚንቶ የጠጠረ ነው። ይህኛው ግን እግሬን ዋጥ አደረገና በአፍጢሜ ተደፋሁ። ስነሳ ከወፍጮ ቤት የወጣሁ እመስላለሁ። ጥቂት ሄጄ ደገምኩት፤ ሠለስኩት። አንዱ ስኪ ተፈትቶ በረዶው ውስጥ ጠፋ፤ አባትና ልጅ ተንበርክከን በእጃችን ስንቆፍር ቆይተን አገኘነው።

ቀይ ጃኬት የለበሰች የነፍስ አድን ሠራተኛ አጠገባችን ቆመች። የተጎዳ ሰው አስተኝተው የሚያወርዱበት ተንሸራታች አልጋ ይዛለች። “ደህና ነህ? በዚህ ላውርድህ?” አለችኝ።

ማህሌት ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ። “ኢትስ ኦኬይ፣ ዳድ። ከእሷ ጋር ውረድ፣ እታች እንገናኛለን።”

በደግነት ነው ያለችው፤ ግን አንጀቴን ቆረጠችው። በዚያ አልጋ ተጋድሜ ከወረድኩ ሁለተኛ ና እንደማትለኝ አወቅሁ፤ ኦገስትም ሩቅ አይደለም። “አመሰግናለሁ፣ በራሴ እወርዳለሁ” አልኳት ሴትዮዋን።

ብዬም ወዲያው ወደቅኩ። ያኔ ቀድማኝ የወረደችው ማህሌት ከታች ሆና በአማርኛ ጮኸች።

“አባዬ፣ ፍሬን አትያዢ! ልቀቂው!”

ባለፈው ክረምት መኪና ሳስተምራት፣ በበረዶ ላይ ፍሬን ስትረግጥ የምጮህባት ቃል ነው። እንዳለ ስለያዘችው እኔንም ሴት አደረገችኝ። ሳቄ መጣ፤ እየሳቅሁ እግሮቼን አቀራርቤ ለቀቅሁት።

በረዶው ተሸከመኝ። ድምፅ የለውም፤ ጉልበቴን እየመታ ፊቴ ላይ ይበተናል። ጥዶቹ በጎኔ ያልፋሉ፣ የልጄ ቀይ ኮፍያ ከፊቴ ይዞራል፣ እኔም ተከትዬ እዞራለሁ። በዕድሜዬ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እልል የሚልልኝ ሰው ስላልነበረ ራሴ እልል አልኩ፤ ለወንድ ልጅ ነውር ቢሆንም።

ግርጌው ደርሰን ስንቆም ማህሌት ጓንቷን አውልቃ መዳፌን መታችና “ዋን ሞር?” አለችኝ። ይህ ለጓደኞቿ የምትለው ነው። ተከትያት ተመልሼ ወጣሁ። ከዚያ አንድ ሳህን ሾርባ በሃያ ዶላር በላን፤ ሌላ ቀን ቢሆን ከአስተናጋጁ ጋር እከራከር ነበር፣ ያን ቀን ግን ቲፕ ጨመርኩለት።

እሁድ፣ ቤት

አመሻሹ ላይ ኮሎምበስ ገባን። አንገቴ አይዞርም፣ ወገቤ አይታጠፍም። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ፣ ልጅ የሚወደውን ነገር መኪና ውስጥ ተቀምጦ ማወቅ እንደማይቻል ነው። ከልጅ ጋር ለማየት መውጣት ያስፈልጋል፤ መውደቅም ካለ መውደቅ።

ጽጌ በሩን ከፍታ አረማመዴን አየችና ወደ ማህሌት ዞረች። “ስንት ጊዜ ወደቀ?”

ቁጥሩን እኔም አላውቀውም። ልናዘዝ አፌን ስከፍት ማህሌት ቀደመችኝ። ለእናቷ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልሰው ልጅ፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ፣ “አልወደቀም” አለች።

ጽጌ አላመነችም፤ እኔም ሻንጣዬን እየጎተትኩ ገባሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና ልጄ ምስጢር አለን።